ለአርባ ቀን ይደርሳል ወይ? የአዲስ ሕፃን ፓስፖርትና የጉዞ ሰነዶች

«መቼ ነው ይዛችሁት የምትመጡት?»

ሕፃን በዋሽንግተን፣ በአትላንታ ወይም በሚኒያፖሊስ በተወለደ ማግስት ከአዲስ አበባ የሚደወለው ስልክ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ከጀመረ በኋላ ይህን ጥያቄ ሳያነሳ አይዘጋም። አያት የልጅ ልጃቸውን ለማቀፍ ይቸኩላሉ። ወንድ ከሆነ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ከሆነች ደግሞ በሰማንያ ቀኗ ክርስትናው አገር ቤት እንዲሆን የሚመኙ ወላጆችም ጥቂት አይደሉም። ለእናትየውም ቢሆን የወሊድ ፈቃዷ ሳያልቅ ደርሶ መምጣት ከዓመት በኋላ አዲስ ፈቃድ ከመለመን ይቀላል።

ትኬቱን መግዛት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ችግሩ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው። ብዙ ወላጆች ጊዜ የሚወስደው ፓስፖርቱን ማተም ብቻ ይመስላቸዋል፤ ይሁን እንጂ ጉዞን የሚያሰናክሉት ከፓስፖርቱ በፊት የሚመጡ ሦስት ነገሮች ናቸው። እነርሱም የሕፃኑ ስም፣ የልደት የምስክር ወረቀቱና የሁለቱ ወላጆች ፈቃድ ናቸው። ሦስቱም ደግሞ ሕፃኑ ከመወለዱ በፊት ሊታሰብባቸው የሚችሉ ጉዳዮች ናቸው።

ይህ ጽሑፍ በመጀመሪያ አሜሪካ ተወልዶ ወደ ኢትዮጵያ ስለሚጓዝ ሕፃን፣ ቀጥሎም አዲስ አበባ ተወልዶ ወደ ውጭ ስለሚሄድ ሕፃን ያብራራል።

ሕፃን በእናቱ ፓስፖርት አይጓዝም

ቀደም ባሉት ዘመናት ልጅ በእናቱ ወይም በአባቱ ፓስፖርት ላይ ተመዝግቦ ይጓዝ እንደነበር የሚያስታውሱ አሉ። ዛሬ ግን ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (ኢካኦ) የሚከተለው መርህ «አንድ ሰው፣ አንድ ፓስፖርት» የሚል ነው። የሁለት ሳምንት ሕፃንም ቢሆን የራሱ ፓስፖርት ያስፈልገዋል።

አሜሪካ የተወለደ ሕፃን በአገሪቱ ሕገ መንግሥት 14ኛ ማሻሻያ መሠረት የአሜሪካ ዜጋ ሆኖ ሲመዘገብ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 የወጣው የፕሬዚዳንቱ ትዕዛዝ ወላጆቻቸው ያለ ሕጋዊ ፈቃድ ወይም በጊዜያዊ ቪዛ አገሪቱ ውስጥ ያሉ ሕፃናት ይህን መብት እንዳያገኙ ለማድረግ የታሰበ ሲሆን፣ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አግደውት ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። ስለዚህ በተማሪነት፣ በሥራ ወይም በጉብኝት ቪዛ ያሉ ወላጆች ከማመልከታቸው በፊት ጉዳዩ የደረሰበትን ማጣራት ይኖርባቸዋል።

የአሜሪካ ሕግ ዜጎች ከአገሪቱ ሲወጡም ሆነ ሲመለሱ የአሜሪካ ፓስፖርት እንዲይዙ ያዛል። በመሆኑም አሜሪካ ለተወለደው ሕፃን የመጀመሪያው ሰነድ ይኸው ፓስፖርት ነው።

ስም፤ ከሆስፒታል ሳይወጡ

በአገራችን ልማድ ስም ለማውጣት አይቸኮልም። አያት ስም ያወጣሉ፣ ዘመድ ይመክራል፣ የክርስትና ስምም በዕለቱ ይሰጣል። የአሜሪካ ሆስፒታል ግን እናትየው ሳትወጣ የልደት መመዝገቢያ ቅጽ አምጥቶ ያስሞላል። ስሙ ባዶ ከተተወ ወይም በኋላ ከተቀየረ የምስክር ወረቀቱን ማሳረም ሌላ ማመልከቻ፣ ሌላ ክፍያና ሌላ የሳምንታት ጥበቃ ማለት ነው።

ከዚህ የባሰው ግን የአባት ስም ጉዳይ ነው። በእኛ አጠራር የልጁ ሁለተኛ ስም የአባቱ የመጀመሪያ ስም ነው። አባትየው ዳዊት ተስፋዬ ቢባል ልጁ ናታን ዳዊት ይሆናል። በአሜሪካ ልማድ ግን የቤተሰብ ስም የሚባለው የአባትየው የመጨረሻ ስም ስለሆነ ልጁ ናታን ተስፋዬ ተብሎ ይጻፋል። ሁለቱም ይቻላል፤ ወላጆች የፈለጉትን መምረጥ ይችላሉ። የማይቻለው አንዱን በልደት ወረቀቱ፣ ሌላውን በትኬቱ ላይ መጻፍ ነው። ባልና ሚስት አስቀድመው ተነጋግረው አንዱን ይወስኑ፤ ለታላቁ ልጅ የተጠቀሙበት አጻጻፍ ካለም ያንኑ ቢከተሉ ይመረጣል።

የእናትየው ስም ከልጁም ከአባትየውም የተለየ መሆኑ ለእኛ የተለመደ ነው። ለሌላ አገር የድንበር ሠራተኛ ግን ጥያቄ ያስነሳል። የጋብቻ ምስክር ወረቀት ቅጂና የልጁ የልደት ወረቀት ቅጂ ከፓስፖርቱ ጋር አብረው ቢጓዙ ጥያቄው በቦታው ይመለሳል።

የላቲን ፊደል አጻጻፍም ሊታሰብበት ይገባል። «ጸ»፣ «ጨ» እና «ቀ» ያሉባቸው ስሞች በሁለትና በሦስት መንገድ ስለሚጻፉ የወላጆቹ ስም በቅጹ ላይ የሚሰፍረው በራሳቸው ፓስፖርት ላይ እንዳለው፣ ፊደል ሳይጨመርና ሳይቀነስ መሆን አለበት። ቅጹን የሞላው የሆስፒታሉ ሠራተኛ ከሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ፊደል በፊደል አንብቡት።

በዚሁ ቅጽ ላይ ለሕፃኑ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር እንዲወጣለት የሚጠይቅ ቦታ አለ። «አዎ» የሚለውን ምልክት ያድርጉ። ካርዱ በፖስታ ወደ ቤት ይላካል፤ ወደ ቢሮ መሄድን ያስቀራል።

የልደት የምስክር ወረቀት

ሆስፒታሉ የሕፃኑ የእግር አሻራ ያረፈበት ያማረ ወረቀት ሊሰጥ ይችላል። ይህ ለማስታወሻ እንጂ ለፓስፖርት አይሆንም። ለፓስፖርት የሚቀርበው ከስቴቱ፣ ከካውንቲው ወይም ከከተማው የወሳኝ ኩነት መዝገብ ቤት የሚወጣ፣ ማኅተምና የመዝጋቢው ፊርማ ያለበት የተረጋገጠ ቅጂ ነው። የሁለቱም ወላጆች ሙሉ ስም የሰፈረበት መሆን አለበት። አንዳንድ ስቴቶች አጭርና ረጅም ቅጽ ይሰጣሉ፤ የወላጆች ስም የሌለበት አጭሩ ቅጽ ተቀባይነት የለውም።

ይህ ቅጂ በራሱ ተነስቶ ወደ ቤት አይመጣም። ማዘዝና መክፈል ያስፈልጋል። ጊዜውም ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ በአንዳንድ ካውንቲ በአካል ሄዶ በዕለቱ ማግኘት ሲቻል በሌላው በፖስታ ሳምንታት ይወስዳል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ቨርጂኒያ የመንጃ ፈቃድ በሚሰጥበት በዲኤምቪ ቅርንጫፎችም የልደት ወረቀት ይገኛል። ስለዚህ ነፍሰ ጡሯ ከመውለዷ በፊት በሚኖሩበት አካባቢ ወረቀቱ የት እንደሚሰጥና ልደቱ በመዝገብ እስኪገባ ስንት ቀን እንደሚፈጅ መጠየቅ የብዙ ቀን ትርፍ አለው።

ሲያዙም ቢያንስ ሁለት ቅጂ ይሁን። አንዱ ከፓስፖርት ማመልከቻው ጋር ይላካል፤ ተመልሶ የሚመጣውም ከፓስፖርቱ ተለይቶ ሲሆን እስከ አራት ሳምንት ሊዘገይ ይችላል። ያለ ሁለተኛ ቅጂ የሚጓዝ ቤተሰብ ፓስፖርቱን ይዞ የልደት ወረቀቱን ግን ሳይዝ ሊነሳ ነው።

ሁለት ወላጅ፣ ሁለት ፊርማ

ዕድሜው ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ፓስፖርት ሲጠየቅ ሁለቱም ወላጆች ከልጁ ጋር በአካል መቅረብ አለባቸው። የሁለቱን ወላጆች ፈቃድ የሚጠይቀው ደንብ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ ዓላማው አንደኛው ወላጅ ሌላው ሳያውቅ ልጁን ከአገር ይዞ እንዳይወጣ መከላከል ነው።

በኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ዘንድ ግን አንደኛው ወላጅ የሚቀረው በጠብ ሳይሆን በሥራ ወይም በርቀት ምክንያት ነው። አባትየው አዲስ አበባ፣ እናትየው አሜሪካ የሆኑባቸው ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። መፍትሔው ዲኤስ-3053 የተባለው የፈቃድ ቅጽ ነው። የማይገኘው ወላጅ ቅጹን ሞልቶ በኖታሪ ፊት ይፈርማል፤ ፊርማው የተረጋገጠበትን መታወቂያ ፊትና ጀርባ ቅጂም አያይዞ ይልካል። ወረቀቱ ከተረጋገጠበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት።

ወላጁ ያለው ኢትዮጵያ ከሆነ አስተማማኙ መንገድ አዲስ አበባ በሚገኘው የአሜሪካ ኢምባሲ ቀጠሮ ይዞ መፈረም ነው። በውልና ማስረጃ የተዘጋጀ አጠቃላይ ውክልና ይህን ቅጽ ይተካልኛል ብሎ መተማመን አይገባም። የኢምባሲ ቀጠሮ በተፈለገው ቀን ላይገኝ ስለሚችል አባትየው ቀጠሮውን የሚይዘው ልጁ እንደተወለደ ሳይሆን የመውለጃው ቀን ሲቃረብ ቢሆን ይመረጣል። ዋናው ቅጽ ራሱ በፈጣን መልእክት ወደ አሜሪካ መላክ ስላለበት የመንገዱንም ጊዜ አብሮ ማስላት ያሻል።

በልደት ወረቀቱ ላይ የተጠቀሰው አንድ ወላጅ ብቻ ከሆነ የዚያው ወላጅ ፊርማ ይበቃል። በሕይወት የሌለ ወላጅ ካለ የሞት የምስክር ወረቀት፣ በፍርድ ቤት ብቸኛ አሳዳጊነት የተሰጠው ወላጅ ደግሞ የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ያቀርባል።

ለማመልከት ሲሄዱ የሚያዙ ነገሮች

የሕፃኑ ማመልከቻ ቅጽ ዲኤስ-11 ይባላል። በኢንተርኔት ሞልቶ ማተም ይቻላል፤ ነገር ግን ተቀባዩ ሠራተኛ ፊት ሳይቀርቡ መፈረም አይገባም። ማመልከቻው የሚቀርበው በብዙ ፖስታ ቤቶች፣ በአንዳንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትና በካውንቲ ጽሕፈት ቤቶች ሲሆን አብዛኞቹ ቀጠሮ ይፈልጋሉ። ቀጠሮውን የልደት ወረቀቱ እስኪመጣ ሳይጠብቁ መያዝ ብልህነት ነው። የሚያስፈልጉት የሚከተሉት ናቸው።

1. ያልተፈረመ ዲኤስ-11 ቅጽ። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩ ገና ካልወጣ በቦታው ዜሮ ይሞላና ልጁ ቁጥር እንዳልተሰጠው የሚገልጽ የተፈረመ መግለጫ ይያያዛል።

2. የተረጋገጠው የልደት ወረቀትና ፎቶ ኮፒው። ይህ ወረቀት የልጁን ዜግነትም ከወላጆቹ ጋር ያለውን ዝምድናም ያረጋግጣል።

3. የሁለቱም ወላጆች መታወቂያና የፊትና የጀርባ ፎቶ ኮፒ። የአሜሪካ ዜጋ ያልሆነ ወላጅ የአገሩን ፓስፖርት ማቅረብ ይችላል።

4. አንድ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ መጠኑ 2 በ2 ኢንች።

5. ክፍያ። ለፓስፖርቱ 100 ዶላር፣ ለተቀባዩ ቢሮ 35 ዶላር ሲሆን ሁለቱ ለየብቻ ይከፈላሉ። ለማፋጠን 60 ዶላር፣ ታትሞ ሲያልቅ በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ እንዲደርስ 22 ዶላር ከ5 ሳንቲም ይጨመራል። ሁሉም ሲደመር 217 ዶላር ከ5 ሳንቲም ይሆናል።

ፎቶው ከሁሉ ቀላል ቢመስልም ማመልከቻ የሚያስመልሰው እርሱ ነው። ሕፃኑ ገና አንገቱ ስላልጸና ነጭ አንሶላ ላይ በጀርባው አስተኝቶ ከላይ ማንሳት ይሻላል። ፊቱ ላይ ጥላ እንዳይወድቅ ከመስኮት ብርሃን አጠገብ ይሁን። የእናት እጅ፣ ጡጦ ወይም ኮፍያ በፎቶው ላይ መታየት የለበትም። የአራስ ሕፃን ዓይን ሙሉ በሙሉ ባይገለጥ ግን ችግር የለውም።

ሕፃኑ በተቀበለው ፓስፖርት ላይ ወላጁ የልጁን ስም በፊርማው ቦታ ጽፎ ከጎኑ የራሱን ፊርማ ያኖራል። የልጆች ፓስፖርት የሚያገለግለው ለአምስት ዓመት ነው።

የቀን ስሌት

እንግዲህ ለአርባ ቀን ይደርሳል ወይ? በወረቀት እናስላው።

የልደት ወረቀቱ በ15ኛው ቀን እጅ ገባ፣ ማመልከቻውም በ18ኛው ቀን ቀረበ እንበል። መደበኛው አገልግሎት ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ የተፋጠነው ደግሞ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይፈጃል። ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ጊዜ የፖስታውን መንገድ አይጨምርም፤ ማመልከቻው እስኪደርስ እስከ 2 ሳምንት፣ ፓስፖርቱ እስኪመለስም እስከ 2 ሳምንት ሊወስድ ይችላል።

በመደበኛው መንገድ ፓስፖርቱ ታትሞ የሚያልቀው ሕፃኑ ከ46 እስከ 60 ቀን ሲሆነው ነው፤ ፖስታው ከዘገየ 88ኛው ቀን ላይ ይደርሳል። ይህ ለሰማንያ ቀን ክርስትና እንኳን አያስተማምንም። በተፋጠነው መንገድ ከ32 እስከ 39 ቀን፣ ፖስታው ክፉኛ ቢዘገይ እንኳን 67ኛው ቀን ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ሰማንያ ቀኗን አዲስ አበባ ለማክበር የታሰበላት ሴት ሕፃን በተፋጠነው አገልግሎት ትደርሳለች። ለወንዱ ልጅ አርባ ቀን ግን የተፋጠነውም ቢሆን የማያስተማምን ነው፤ ከፓስፖርቱ በኋላ ቪዛም አለና።

እነዚህ የጊዜ ግምቶችም እንደ ወቅቱ ይለዋወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 ጸደይ መደበኛው አገልግሎት ከ10 እስከ 13 ሳምንት ደርሶ ነበር። ትኬት ከመግዛት በፊት የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱን የፓስፖርት ድረ ገጽ ማየት የሚበጀው ለዚህ ነው። አድራሻው ትራቭል ዶት ስቴት ዶት ገቭ ነው። ከዚህ ጋር የሚመሳሰሉ፣ ነፃውን ቅጽ በክፍያ የሚሸጡ የግል ድረ ገጾች ስላሉ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ጉዞው ቀርቦ ከሆነ

በረራው 14 ቀን ወይም ከዚያ በታች ሲቀረው በትላልቅ ከተሞች ባሉት የፓስፖርት ኤጀንሲዎች በአካል ለመስተናገድ ቀጠሮ መጠየቅ ይቻላል። የውጭ አገር ቪዛ የሚያስፈልገው መንገደኛ ከሆነ ገደቡ ወደ 28 ቀን ይሰፋል። ወደ ኢትዮጵያ የሚሄድ አሜሪካዊ ቪዛ ስለሚያስፈልገው ይህን ለባለሥልጣኑ መንገር ይጠቅማል። ቀጠሮው የሚያዘው በስልክ ቁጥር 1-877-487-2778 ነው።

ወደ ኤጀንሲው ሲሄዱም ሁለቱ ወላጆች፣ ሕፃኑ፣ ወረቀቶቹ ሁሉና የጉዞ ማስረጃ መቅረብ አለባቸው። ፓስፖርቱ በዕለቱ ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሰጥ ይችላል። ሆኖም ቀጠሮ እንደሚገኝ ዋስትና ስለሌለ ይህን መንገድ እንደ መጠባበቂያ እንጂ እንደ ዕቅድ መያዝ አይገባም። ለአርባ ቀን የሚቸኩል ቤተሰብ ግን ሌላ አማራጭ የለውም። ካልሆነም ክርስትናውን እዚያው ባለው ቤተ ክርስቲያን ፈጽሞ፣ የአያት ቤት ድግሱን ለኋላ ማቆየት ከጭንቀት ያድናል።

ቪዛ ወይስ ቢጫ ካርድ?

የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ሕፃን በኢትዮጵያ ድንበር ላይ የሚታየው እንደ አሜሪካዊ ነው። የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ በትውልድ ኢትዮጵያዊ መሆኑን ቢደነግግም ጥምር ዜግነትን አይፈቅድም፤ ሕፃኑም የያዘው ፓስፖርት ቪዛ ይጠይቃል።

ለመጀመሪያው ጉዞ ፈጣኑ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2017 የተጀመረው የኢንተርኔት ቪዛ ነው። ለሕፃኑ የተለየ ማመልከቻ ይሞላለታል፤ የፓስፖርቱ ገጽና ፎቶው ይያያዛል። ፓስፖርቱ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል መሆን አለበት። የወላጆች ቪዛ ወይም ቢጫ ካርድ ለልጁ አይሠራም።

በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተፈቀደው የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለው፣ ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ ቢያንስ አንዱ ኢትዮጵያዊ ለነበረ የውጭ ዜጋ ይሰጣል። ያለ ቪዛ መግባትና መኖር ስለሚያስችል በየዓመቱ ለሚመላለስ ቤተሰብ ጥቅሙ ብዙ ነው። ነገር ግን የወላጅን ትውልድ የሚያስረዱ ሰነዶች ስለሚጠየቁበትና ጊዜ ስለሚወስድ ቀን ለሚቆጥር ቤተሰብ ቪዛው ይቀድማል።

ወላጆች በሕፃኑ ጉዳይ ሲሯሯጡ የራሳቸውን ፓስፖርት የሚረሱበት ጊዜም አለ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘች እናት ፓስፖርቷ ጊዜው አልፎበት ከሆነ ማደሱ ከሕፃኑ ፓስፖርት ሊረዝም ይችላል። ጥገኝነት ያገኙ ወይም ጥያቄያቸው ገና ያልተወሰነ ወላጆች ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ መመለሳቸው በጉዳያቸው ላይ መዘዝ ሊያመጣ ስለሚችል ጠበቃ ሳያማክሩ ትኬት መግዛት የለባቸውም።

አዲስ አበባ ለተወለደ ሕፃን

እስካሁን ያየነው ከአሜሪካ የሚመጣውን ነው። ጉዞው ከአዲስ አበባ ሲነሳ የወረቀቱ ቅደም ተከተል ተመሳሳይ ሆኖ መሥሪያ ቤቶቹ ይለያያሉ።

በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ሲሆን፣ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። አዋጁ ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። የጤና ተቋሙ የሰጠውን የልደት ማሳወቂያና የወላጆችን መታወቂያ ይዞ ወደ ወረዳው የሲቪል ምዝገባ ጽሕፈት ቤት መሄድ ያስፈልጋል። ጉዞ ያሰበ ቤተሰብ ግን 90 ቀን አለኝ ብሎ መቀመጥ አይኖርበትም፤ ፓስፖርት የሚጠየቀው በዚሁ የምስክር ወረቀት ነውና። የእንግሊዝኛው አጻጻፍ ከወላጆች ፓስፖርት ጋር መስማማቱን እዚያው መስኮት ላይ ያረጋግጡ።

የፓስፖርቱ ማመልከቻ በኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ድረ ገጽ ተሞልቶ ቀጠሮ ይያዛል፤ የልደት ምስክር ወረቀቱና የወላጅ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ይቀርባል። በ2015 ዓ.ም. ፓስፖርት ለማግኘት ለወራት የጠበቁ ሰዎች እንደነበሩ አይዘነጋም፤ ስለዚህ የመዳረሻ አገር ቪዛ የሚጠየቀው ፓስፖርቱ ከተገኘ በኋላ መሆኑን አስቦ ሰፊ ጊዜ መተው ይገባል። ለምሳሌ የሸንገን አገሮች ቪዛ በተለምዶ በ15 ቀን ይወሰናል፤ እስከ 45 ቀን ሊራዘምም ይችላል። ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ የቪዛ ክፍያ አይከፍልም፤ ማመልከቻው ግን አይቀርለትም።

ከወላጆቹ አንዱ አሜሪካዊ ከሆነ ደግሞ ሕፃኑ አዲስ አበባ ቢወለድም ዜግነቱ ሊተላለፍለት ይችላል። አሜሪካዊው ወላጅ የውጭ ዜጋ አግብቶ የወለደ ከሆነ ልጁ ከመወለዱ በፊት በድምሩ 5 ዓመት፣ ከዚህም ውስጥ 2ቱን ዕድሜው 14 ከሞላ በኋላ፣ አሜሪካ ውስጥ በአካል መኖሩን ማስረዳት አለበት። የትምህርት ቤት ማስረጃ፣ የሥራ ደመወዝ ወረቀትና የቆዩ ፓስፖርቶች ለዚህ ያገለግላሉ። ኢምባሲው በውጭ አገር የተወለደ ዜጋ ሪፖርት የሚባለውን ወረቀት ሲሰጥ የፓስፖርቱን ማመልከቻም በዚያው ቀጠሮ ይቀበላል። እነዚህን የቆዩ ማስረጃዎች መፈለግ የሚጀመረው በእርግዝና ወራት ነው።

ግሪን ካርድ ያላት እናት

ለመውለድ ወደ እናቷ ቤት የምትመጣ ግሪን ካርድ ያላት ሴት ማወቅ ያለባት አንድ ደንብ አለ። ለጊዜው ከአሜሪካ ወጥታ ሳለ የወለደችው ልጅ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ እርሷ ከወለደች በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትመለስ አብሯት ከገባ የስደተኛ ቪዛ ሳያስፈልገው ቋሚ ነዋሪ ሆኖ ይገባል። የሚያስፈልገው የኢትዮጵያ ፓስፖርት፣ የልደት የምስክር ወረቀትና የእናትየው ግሪን ካርድ ነው።

ቁልፉ ያለው «ለመጀመሪያ ጊዜ» በሚለው ላይ ነው። እናትየው የሥራዋ ነገር አስጨንቋት ሕፃኑን ለአያት ትታ ለአንድ ወር እንኳን ብትመለስ ይህ ዕድል ያመልጣታል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ለልጁ የቤተሰብ ማመልከቻ አስገብቶ ወረፋ መጠበቅ ነው። የልጁ ፓስፖርት ዘገየ ብላ ብቻዋን ከመብረር ትኬቷን ብታራዝም ይሻላታል። መዘግየቱ ግን ከአንድ ዓመት እንዳያልፍ መጠንቀቅ አለባት፤ ያለ መመለሻ ፈቃድ ከዓመት በላይ ውጭ መቆየት ግሪን ካርዱን ራሱን አደጋ ላይ ይጥላል። ከመብረሯ በፊትም ሰነዶቹን ለአየር መንገዱ ማሳየትና መቀበላቸውን ማረጋገጥ ይኖርባታል።

ከመነሳት በፊት

ዕድሜው ከሁለት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን የራሱ መቀመጫ ባይይዝም በዓለም አቀፍ በረራ ትኬት ይቆረጥለታል፤ ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ከአዋቂው 10 በመቶ ያህል ነው። ወላጆች ትኬት ሲገዙ ሕፃኑ ገና ያልተወለደ ከሆነ በኋላ እንዲጨመር ማድረግ አለባቸው፤ ስሙም በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ይሁን። ብዙ አየር መንገዶች ሳምንት ያልሞላውን ሕፃን አያሳፍሩም። በግድግዳው ላይ የምትገጠመው የሕፃን አልጋ ቁጥሯ ውስን ስለሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል።

ከወላጆቹ አንዱ ብቻ ከሕፃኑ ጋር የሚበር ከሆነ የሌላው ወላጅ ፈቃድ በኖታሪ ተረጋግጦ ቢያዝ መልካም ነው። የአሜሪካ የጉምሩክና ድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤትም ይህንኑ አጥብቆ ይመክራል። ፓስፖርቱ፣ ቪዛው፣ የልደት ወረቀቱ፣ የጋብቻ ወረቀቱና ይህ ፈቃድ በአንድ ፋይል ሆነው በእጅ ቦርሳ ይያዙ፤ በሻንጣ አይላኩ።

ለመውለድ ሁለትና ሦስት ወር የቀራት እናት ያለችበት ቤተሰብ ዛሬ ሊያደርጋቸው የሚችሉ አራት ነገሮች አሉ። በስሙና በአጻጻፉ መስማማት፣ የልደት ወረቀት የት እንደሚሰጥ መጠየቅ፣ ሁለቱም ወላጆች በማመልከቻው ቀን የት እንደሚሆኑ ማወቅ፣ የራሳቸውንም ፓስፖርት ማየት። እነዚህ ካለቁ የቀረው ጥበቃ ብቻ ነው። አያትም «መቼ ነው የምትመጡት?» ብለው ሲደውሉ ቀኑን ቆርጦ መንገር ይቻላል።